ስክሪኑ ከባል፣ ኪቦርዱ ከሚስት

ይህን ታሪክ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ። ውሸት ከተገኘበት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ዕድሜ ልኬን ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየሳብኩ ልኑር። ታፔላውን በዓይኔ አንብቤዋለሁ፤ ደርቆ እንደሆነ ለማየት በጣቴ ነክቼውም ቀለሙ ሸሚዜ ላይ ቀርቷል። ሸሚዙንም አሳያችሁ ነበር፣ ባይታጠብ ኖሮ።

ብሩሽ የሚባል ታፔላ ጸሐፊ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከጆሮው ላይ ብሩሽ ወርዶ ስለማያውቅ ስሙ ተረስቶ ቀረ። ሚስቱ እንኳ የምታስታውሰው ስትቆጣው ብቻ ነው። የሚሠራው በአንድ ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ሲሆን፣ የሚኖረው ደግሞ ከዚያው በረንዳ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። በሥራውና በትዳሩ መካከል ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ሚስቱ ድስት ስትከድን ይሰማዋል፤ እሱ ሲያስነጥስ እሷ «ይማርህ» ትላለች።

ብሩሽ አንድ ሕግ ነበረው፤ ደንበኛ የሰጠውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፍ። ሕጉ ከሰማይ አልወረደለትም። አንድ ጊዜ አንድ ጋጋሪ «ዳቦ አለ ብለህ ጻፍልኝ» ቢለው፣ ደግነት ተሰማውና «ትኩስ» የምትል ቃል በነጻ ጨመረለት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሲመሽ እየመጣ ዳቦውን ጉንጩ ላይ አስጠግቶ «ይሄ ነው ትኩስ?» እያለ ጋጋሪውን ቁም ስቅሉን አሳየው። ጋጋሪውም ተናዶ መጣና የብሩሽን መሰላል ተሸክሞ ሄደ፤ እስካሁን አልመለሰም። «ከእንግዲህ» አለ ብሩሽ፣ «ደንበኛ እብድ ነኝ ብለህ ጻፍልኝ ቢለኝ፣ አሳምሬ እብድ ነኝ ብዬ እጽፍለታለሁ። እኔን ምን አገባኝ!»

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ።

ሚስቱ የጽሕፈት ሥራ ፈተና ልትፈተን ስለነበር ላፕቶፕ ትፈልግ ነበር። እሱ ደግሞ የፊደል ዓይነቶችን ለደንበኛ የሚያሳይበት፣ ደንበኛም የሚፈልገውን በጣቱ የሚጽፍበት ታብሌት አምሮታል። ሁለቱን መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። በዚህ ሲጨቃጨቁ ቆይተው ሱቅ ሲገቡ፣ ሻጩ ገና ከበሩ ፊታቸውን አይቶ ችግራቸውን አወቀ።

«ይሄ ሁለቱንም ነው» አለና አንድ ቀጭን ዕቃ አወጣ። «ሲፈልጉ ላፕቶፕ» ብሎ ከኪቦርዱ ጋር ገጠመው። «ሲፈልጉ ታብሌት» ብሎ ቀጭ አድርጎ አላቀቀው።

«አሁን ምንድን ነው?» አለ ብሩሽ።

«አሁን ታብሌት።»

«ሲገጠምስ?»

«ላፕቶፕ።»

«ካርቶኑ ውስጥ ሲተኛስ?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ሲተኛማ... ዕቃ ነዋ!»

ሚስቱ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ከኪቦርዱ ይከብዳልና ወደ ኋላው ተንጋለለ። «ይሄ ነገር ጠጥቷል እንዴ?» አለች።

«ጠረጴዛ ነው የሚወደው፣ እህቴ። ጉልበት ላይ ትንሽ ያስቸግራል።»

«ስከፍተውስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚቆየው?»

«ርካሽ ነገር አስቦ ነው የሚሠራው።»

ብሩሽ ግን ጀርባውን ገልብጦ ሲያይ ልቡ ቀለጠ። ከኋላው የምትታጠፍ እግር አለችው! ዘርጋ ሲያደርጋት ስክሪኑ ልክ እንደ ሥዕል ማቆሚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ይሄማ ለእኔ የተሠራ ነው» አለ። ሻጩም ነገሩ እንደያዘለት ሲያውቅ ምርቃት በምርቃት አደረጋቸው። ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ይቆያል፤ ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ሩቅ ያለ ሰው ሲጽፍ እዚህ ይታያል፤ ድምፅም ይሰማል። ከሁሉም በኋላ፣ ባልና ሚስት «እኔ ልያዘው፣ እኔ ልያዘው» እያሉ በር ላይ ሲጓተቱ፣ ከኋላቸው «ኪቦርዱ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው! ተላቆም ያለ ሽቦ ይጽፋል!» ብሎ ጮኸ። ይህቺን አንዳቸውም አልሰሟትም። እናንተ ግን ያዟት።

ሳምንት አልሞላቸውም፣ አስታራቂ የተባለው ዕቃ ራሱ የጠብ ምክንያት ሆነ። እሱ ለሥራ ሲፈልገው እሷ ለልምምድ ይዛዋለች፤ እሷ ስትፈልገው እሱ በቀለም እጁ ጨምድዶታል። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ቀን ቀን ስክሪኑ የባል፣ ኪቦርዱ የሚስት ይሁን።

«ኪቦርድ ለብቻው ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«አስተማሪዬ የምትለኝ ስክሪን አትዪ ነው። ዓይንሽ ይረፍ፣ ጣትሽ ይልመድ ትለኛለች። የልብሽን ጻፊ፣ ጣት የሚፈጥነው የልብን ሲጽፍ ነው ትላለች።»

እናም ኪቦርዱን ምድጃዋ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንዳይሰርቅ ፎጣ ጣል አድርጋበት፣ እጆቿን ከፎጣው ሥር አስገብታ መለማመድ ጀመረች። ድስት እየጠበቀች ትጽፋለች። ምንም ቦታ እንደማይደርስ አውቃ፣ ማለቴ መስሏት፣ የልቧን ትጽፋለች።

በዚህ መካከል ያ በረንዳ ያለበት ቤት ለአንድ የጥርስ ሐኪም ተሸጠ። ሐኪሙ ወጣት፣ ነጭ ጋዋኑ ገና ከመጠቅለያው የወጣበት መስመር ያልጠፋለት፣ ትሑት ሰው ነው። የሚከፍትበት ቀን ማለዳ መጣና እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንግዶቼን ይዤ እመጣለሁ። ታፔላው በሩ ላይ እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በረንዳውን አንድ መድኃኒት ሻጭ ጠይቆኛል። ታፔላው ካማረ በረንዳው የእርስዎ ነው፤ እዚሁ ይሠራሉ። ካላማረ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ብሩሽ ወደ ወለሉ አየ። ሃያ ዓመት የሠራበት በረንዳ ነው። ወለሉ ላይ ያለው የቀለም ጠብታ ቢፋቅ አንድ ባልዲ ይሞላል። «ይጻፉልኝ ዶክተር» አለና ስክሪኑን አቀረበለት። ሐኪሙ በጣቱ እየነካ ጻፈ፦

ዘመናዊ የጥርስ ሕክምና
ሳያምዎት እንነቅላለን
ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው

«ከታች የቀረው ባዶ ቦታስ?» አለ ብሩሽ፤ ታፔላው የሚጻፍበት ላሜራ የበር ያህል ነበር።

«እሱን አስብበታለሁ። የምጨምረው ካለ አሳውቅዎታለሁ» ብሎ ሄደ።

ብሩሽ እስከዚያ ቀን የፊደል ዓይነት ብቻ ሲያሳይበት የነበረውን ስክሪን በምትታጠፈው እግሩ አቁሞ፣ ነጭ የተቀባውን ላሜራ ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ክር በጠመኔ አሽቶ መስመር መታ። ባትሪውም እንደተባለለት ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ ብሎ ቆየ፤ አንዴም አልጠፋበትም። ሦስቱን መስመር በሰማያዊ ቀለም ጽፎ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎኑ ባለችው ኪዮስክ ቁልፍ የሚቀርጸው ጎረቤቱ ብቅ አለ።

«አንተ፣ ምንድን ነው የምትፈጨው?»

«ማን? እኔ?»

«ከእኔ ሞረድ ይብሳል እኮ! ጥርስህን ነው እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ አታናግረኝ» አለ ብሩሽ፤ አገጩን አሻሸና ቀጠለ። ቀና ሲል ግን ስክሪኑ ላይ፣ ሐኪሙ ከጻፈው ሥር፣ አዲስ ነገር አለ።

ለለለለ መመመመ ሰሰሰሰ

ዓይኑን ጠረገ። ሌላ ፊደል ተጨመረ። ማንም ሳይነካው፣ በራሱ!

«ና እስቲ እየው!» ብሎ ቁልፍ ሠሪውን ጠራው።

ቁልፍ ሠሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ። «ሐኪሙ ነዋ! የሚጨመር ካለ አሳውቅሃለሁ አላለህም? ከሩቅ እየጻፈልህ ነው።»

«መመመመ ብሎ?»

«ማደንዘዣውን ራሱ ላይ ሞክሮት ይሆናል። አፉ ከደነዘዘ ጣቱስ ለምን አይደነዝዝ?»

ይህ ለብሩሽ ትንሽ ትርጉም ሰጠው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሰጠውም። ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ፣ ፊደሎቹ ተፍታቱና ጥርት ያለ መስመር መጣ፦

ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን እንደ ወፍጮ ሲያፋጭ ያድራል

«ማን?» አለ ብሩሽ ለስክሪኑ።

እንቅልፍ ከዓይኔ ከጠፋ ከረመ

«ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ? ታፔላ ላይ?»

«አንተ ዘመኑ አልገባህም» አለው ቁልፍ ሠሪው። «የአሁን ማስታወቂያ ዕቃውን አይናገርም። የሰው ኑሮ ያወራልሃል፤ አንተ ሆድህ ሲባባ ዕቃውን ትገዛለህ። ይሄ አንዲት ምስኪን ሚስት ስለ ባሏ የምትናገረው ነው።»

«እውነትም ታሳዝናለች» አለ ብሩሽ። «ምን ዓይነት ሰው ነው አጠገቧ የሚተኛው? ወፍጮ አግብታ ነው እንዴ?»

ሐኪም ጋ ሂድ ስለው ጥርሴ ደህና ነው ይላል

«ይሄ ደግሞ ደረቅ!»

እንዲህ ይበል እንጂ ጭንቅላቱ ዞሮበታል። ከጻፈው የሐኪሙ ታፔላ መሳቂያ ይሆናል፤ ካልጻፈው የደንበኛ ቃል ቀነሰ ማለት ነው፣ ያውም የባለ በረንዳውን። የጋጋሪው ፊትና የተወሰደው መሰላል ዓይኑ ላይ ድቅን አለ። ስልክ ደወለ። ሐኪሙ ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ እየጮኸ አነሳ።

«ዶክተር፣ ይሄ መስመር ግን...»

«ጋሼ፣ ወንበሩን እያስጫንኩ ነው! የጻፍኩልዎትን እንዳለ ይጻፉት። አንድም ቃል አይጨምሩ፣ አንድም ቃል አይቀንሱ!» ጠቅ። ተዘጋ።

«ምን አለ?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«እንዳለ ጻፍ አለ።»

«በቃ!»

በቃ ቢባልም አልበቃውም። ሻጩ ድምፅ ይሰማል ማለቱ ትዝ ሲለው ወደ ስክሪኑ ተጠጋና፣ ደንቆሮ አጎቱን እንደሚያናግር ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዶክተር! ይሄ የወፍጮውም ነገር ይግባ ወይ?» አለ።

ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ተከፈተ። ከዚያ፦

አዎ አዎ አዎ አዎ አዎ አዎ

ብሩሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቁልፍ ሠሪው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ግን እሱም አያውቅም።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ብሩሽ መስመር መታ፤ ጻፈ። ወፍጮውን አሳመረው፤ እንዲያውም ከሁሉ ያማረችው ፊደል የወፍጮዋ «ወ» ነበረች። እንቅልፉን ጻፈ። ጥርሴ ደህና ነው የሚለውን ደረቅ ሰውዬ በልቡ እየሰደበ፣ ጥርሱን እያፋጨ ጻፈው። ከታች አንድ መስመር ቦታ ሲቀረው ስክሪኑ የመጨረሻዋን ሰጠው፦

ቢሆንም እወደዋለሁ

«ሐኪሙ ማንን ነው የሚወደው?» አለ ብሩሽ ግራ እንደገባው።

«ጥርሱን ይሆናላ» አለ ቁልፍ ሠሪው፤ እሱም አላመነበትም።

ብሩሽ ይህቺንም ጻፋት። የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ ስቦ ሲጨርስ፣ ሚስቱ ሻይ በብርጭቆ ይዛ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ በጓሮ በር ዞራ መጣች። ቀና ብላ ታፔላውን አየች። አነበበች። ደግማ አነበበች። ሻዩ ከብርጭቆው ፈሶ እግሯ ላይ ሲንጠባጠብ አልተሰማትም።

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«ዶክተሩ።»

«ዶክተሩ ስለ ባሌ ምን አገባው?»

«ስለ ባልሽ ማን አወራ? ይሄ ስለ አንዱ ወፍጮ ነው።» ካለ በኋላ ነው የገዛ ቃሉ ወደ ጆሮው የተመለሰው። ቆመ። ጣቱን ወደ ደረቱ መለሰ። «ቆይ... ባልሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ቁልፍ ሠሪው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አፍኖት ሳል ሆነበት።

«እኔ እኮ የጻፍኩት ፎጣ ሥር ነው!» አለች። «ስክሪን የሌለው ኪቦርድ ላይ! ጠረጴዛ እንደ መደብደብ ነው!»

«አዎ አዎ ያልሽውስ?»

«ጣቴን ሳፍታታ ሁሌም አዎ አዎ ነው የምጽፈው!» ከዚያ ዓይኗ ጠበበ። ብርጭቆውን ሰጥታው ወደ ቤት ሮጠች። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅዋ መጣ፦ «አሁን ምን ወጣ?»

ብሩሽ ወደ ስክሪኑ አየ። «ደንቆሮ ይላል!»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

«ማንን ነው?»

ከግድግዳው ወዲያ ድስት በኃይል ተከደነ።

ብሩሽ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው፤ ሲገባውም የባሰ ግራ ተጋባ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሚስቱ ትራስ ራሷ ላይ ጭና የምትተኛው ብርድ ፈርታ ይመስለው ነበር! ግን ለማዘን ጊዜ የለም፤ ሐኪሙ እየመጣ ነው። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለሆነ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ የነካው ጨርቅ ቢያሳልፍበት ይጠፋል። ጨርቁን ነከረ፣ ጨመቀ። ሲጠፋ ቀለሙ ወደ ታች እየወረደ ሌላውን እንዳያበላሽ ታፔላ የሚጠረገው ከታች ወደ ላይ ነው። እጁን ወደ መጨረሻዋ መስመር ሰነዘረ።

ቢሆንም እወደዋለሁ።

እጁ ቆመ። ይህን ቃል ሚስቱ በአፏ ብላው አታውቅም፤ እሱም ብሏት አያውቅም። ከሰው አፍ ሳይሆን ከርካሽ ዕቃ የሰማው የመጀመሪያ የፍቅር ቃል ነበር፤ ያውም በራሱ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ አሳምሮ የጻፈው። ከዚህ ሳይጀምር የወፍጮዋ መስመር ጋ መድረስ አይችልም።

«ጥረገው እንጂ!» አለ ቁልፍ ሠሪው። «በረንዳህ ሊሄድ ነው!»

«እጠርገዋለሁ» አለ ብሩሽ። ጨርቁ እየተንጠባጠበ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሚስቱ መጥታ ከኋላው ቆማለች። እንደዚያ ቆሞ ሳለ መኪናው መጣ።

ሐኪሙ ከእንግዶቹ ጋር ወረደ። ፈገግ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ አራተኛው መስመር ላይ ፈገግታው ወደቀ። «ጋሼ» አለ በቀስታ፣ «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶክተር፣ ላስረዳዎት አልችልም። እኔ ራሴ ገና አልገባኝም።»

«ወፍጮ?»

«ወፍጮው እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ እንግዶቹን አየ፤ እንግዶቹ ጫማቸውን አዩ። «እንግዲህ... በረንዳውን ነገ ይልቀቁልኝ» አለ፤ ትሕትናው ግን አልተለየውም። ብሩሽ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና ብሩሾቹን መሰብሰብ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ፣ በመንገዱ ታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ከዚያ አጠገቧ ካሮት በፌስታል ይዞ የሚሄደውን ባሏን ክንዱን ያዘች። «አየህ? አየህ ወይ? ብቻዬን እብድ ሆኜ አይደለም! በሽታ ነው!»

«ጥርሴ ደህና ነው» አለ ባልየው።

«እሱም ተጽፏል!» ብላ ጎትታ ወደ ሐኪሙ ወሰደችው። «ዶክተር፣ ክፍት ነው?»

«ክ... ክፍት ነው» አለ ሐኪሙ፤ ወንበሩ እንኳ ገና ከመኪናው አልወረደም።

ከእሷ ኋላ ሌላዋ ቆመች፤ ከሌላዋ ኋላ ሌላዋ። ከሐኪሙ እንግዶች መሐል አንዲት ወይዘሮም የባላቸውን ክራቫት ይዘው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። በበረንዳው ላይ የቆመው ሰው ቁጥር ስንት እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ ሰልፉ ከኪዮስኩ ታጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ራሱን አቋርጦ፣ አንዱ ሰውዬ ከራሱ ኋላ ቆሞ ተገኘ ብዬ ልለፈው።

ሐኪሙ ወደ ብሩሽ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣና ደስታ ተደባልቀው የትኛው ያሸንፍ እንደሆነ እሱም አላወቀም። «ጋሼ፣ ያቺን ታፔላ እንዳይነኳት።»

«በረንዳውስ?»

«በረንዳው የእርስዎ ነው። ግን በአንድ ነገር፤ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።»

ብሩሽ ወንበሩ ሳይገጣጠም ተቀመጠበት። ሐኪሙ ጥርሱን አይቶ «በዚህ ነው እስካሁን የሚበሉት?» አለው። ማታ ማታ የሚነክሳት ላስቲክ ሠራለት። ወፍጮው ቆመ። ሚስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ዝምታው አላስተኛት ብሎ ሁለት ጊዜ «አለህ ወይ?» ብላ ቀሰቀሰችው። የጽሕፈት ፈተናዋን ዓይኗን ጨፍና ነው ያለፈችው፤ ፈታኞቹ ጸሎት ላይ ያለች መስሏቸው ዝም አሏት። ዕቃውን ግን ዛሬም ቀን ቀን ይካፈሉታል። እሱ ከወዲህ እየጻፈ፣ ድንገት ስክሪኑ ላይ «ሻይ ትፈልጋለህ?» የሚል ይመጣል። እሱም ወደ ግድግዳው «አዎ አዎ አዎ!» ብሎ ይጮኻል። ቁልፍ ሠሪው እስካሁን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ «እሺ፣ ታብሌት ነው ወይስ ላፕቶፕ?» ብሩሽም እስካሁን ያስባል።

አንዲት ቃል አልጨመርኩም ብያለሁ። እንግዲህ ምላሴን ላንቃዬ ሳይይዘው በፊት እውነቱን ልናገር፤ አንዲት ነገር ከራሴ አምጥቻለሁ። ሰልፉ እውነት ነው፣ ወፍጮው እውነት ነው፣ ከራሱ ኋላ የቆመውም ሰውዬ እውነት ነው። ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ቆየ ያልኳችሁ ግን ፈጠራ ነው። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው የጠፋው፤ ቀኑን ሙሉ በቁልፍ ሠሪው ኪዮስክ መስኮት በተወረወረ ሽቦ ተሰክቶ ነው የዋለው።